ሰባት ደቂቃ መብራት

ተከራዩ ወጣት አዲስ ሚሞሪ ከገጠመለት ወዲህ፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት፣ እንጀራው የሆነው ኮምፒውተር በየሰዓቱ ስታክ ያደርጋል። ለኮምፒውተር ጠጋኙ ቢደውልለት፣ «ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ ባዮሱን አፕዴት አድርገው፤ ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ግን የኮምፒውተሩን እርም አውጣ» አለው።

ልድፈር አልድፈር ሲል ሦስት ሳምንት ከረመ። በግቢው አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት፤ ጎረቤቱ ትርሲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክታ ሌላው ካውያ ከሰካ መብራቱ ድርግም ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ቆረጠ። በየበሩ እየዞረ ለሰባት ደቂቃ ምንም ነገር እንዳይሰኩ ለመናቸው። አከራዩ እትዬ አሰለፈችማ ዱካ ይዘው መጥተው ቆጣሪው ሥር ተቀመጡ።

«ግባና ሥራህን ሥራ። እኔ እያለሁ ማን አባቱ ነው የሚሰካው!»

አማትቦ ጀመረ። ሠላሳ በመቶ አለ፤ ስልሳ አለ። ዘጠና አራት ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጨለመ።

እየጮኸ ወጣ። «እትዬ፣ ማን ነው የሰካው?»

«ማንም!» አሉ እጃቸውን ከቆጣሪው ላይ ሳያነሱ። «ያቺ ትርሲት ምድጃዋን ልትሰካ ስትንደረደር አየኋትና፣ ቀድሜ ከዋናው አጠፋሁባት።»