ትንሿ ሣጥን

«ሦስተኛ!» እላለሁ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ሦስተኛ መስመር በማርከሬ እያንኳኳሁ። «ሙሉ ጽሑፋቸው በነፃ የሚከፈቱትን ብቻ አሳየኝ የምትለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ያለዚያ የማይከፈት በር ስታንኳኩ ትውላላችሁ።»

ሃያ አራት ተማሪዎች ምልክት ያደርጋሉ። ሲመረቁ ፊዚዮቴራፒስት፣ የራጅ ባለሙያ፣ የንግግርና የመዋጥ ችግር የሚያክሙ ይሆናሉ፤ ዛሬ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ የእኔ ናቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ፤ የታተመ ጥናት በኮምፒውተር እንዴት እንደሚፈለግ አስተምራቸዋለሁ። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። በሌለሁበት «እትዬ ሦስተኛ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህችን ሦስተኛ ትእዛዝ የሚረሳ ስለሌለ፣ እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

«በሉ አንድ ጥያቄ ስጡኝና አብረን እንፈልገው።»

ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን ታወጣለች። «ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ሲጠጣ ትን ካለው፣ ምን ይደረጋል?»

«ቀስ ብለህ ጠጣ ይባላል!» ይላል አንዱ ቀልደኛ። ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴን ስትሮክ መትቷት፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት በገባች በሳምንቱ፣ በምሳ ሰዓት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፈልጌዋለሁ። አሁንም ቃላቱን የምጽፈው ሳላስብ ነው። ሣጥኗም ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ፕሮጀክተሩ በሚያበራው ግድግዳ ላይ አራት ጽሑፎች ይወጣሉ፤ አንዳቸውም ስለ ውሃ አያነሱም። ያኔ ሁለት ነበሩ።

«አራት ብቻ?» ትላለች ልጅቷ።

«አራት ብቻ። ብዙ አልተጠናም ማለት ነው።»

ያኔ ለእህቴም በስልክ ያልኳት ይህንኑ ነው። «ፈልጌ ፈልጌ የረባ ነገር አጣሁ፤ ያን ያህል የሚያሰጋ ቢሆን ይጻፍበት ነበር።» እሷም «መቼም አንቺ ካልሽ» ብላ ዘጋችው። ከቤተሰቡ በንባብ የምታመነው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ ያችን ምልክት ብናነሳትስ?»

«ምን ይረባሻል? አይከፈትልሽም እኮ።»

«ባይከፈትም መኖሩን እንወቅ ብዬ ነው።»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ልጅቷን ዝም ላሰኛት ብዬ ምልክቷን አነሳለሁ።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።

«ውይ!» ይላሉ ተማሪዎቹ። የመጀመሪያው ጽሑፍ እውነትም አይከፈትም። ማጠቃለያው ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ዘጠኝ መስመር ነው። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ጮክ ብላ ታነበዋለች። ትን የሚለው በሽተኛ፣ አዋዋጡን ባለሙያ ሳያየው በአፉ ምንም አይሰጠው። የጠጣው ወደ ሳንባው ሊወርድ፣ የሳንባ ምችም ሊያመጣበት ይችላል። እሷ ስታነብ እኔ የማየው የታተመበትን ዓመት ነው። ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

እማዬን ጋደም እንዳለች ነበር የማጠጣት። ትራሱን ከፍ ላድርግልሽ ስላት «ተይኝ፣ ወገቤን» ትለኛለች። ትን ሲላት ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ «ቀስ በይ እንጂ፣ ማን ይሻማሻል?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ያ ቀልድ ያስቃታል። ስትስቅ ደግሞ እንደገና ትን ይላታል። ሐኪሙ በመጨረሻ የነገረን ስለ ሳንባዋ ነው።

«እትዬ?» ልጅቷ መልስ እየጠበቀች ነው። «ታዲያ ሦስተኛውን እንተወው?»

ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በየሆስፒታሉ ናቸው። ስንቱን በሽተኛ «ብዙ አልተጠናም» ብለው መልሰውት ይሆን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

«ተዉት» እላለሁ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ምን እንዳለ እዩ፣ መከፈት አለመከፈቱ ከዚያ በኋላ ነው።» ማጥፊያውን ሳልፈልግ ሦስተኛውን መስመር በመዳፌ አጠፋዋለሁ። እጄ ሰማያዊ ይሆናል። ሰሌዳው ላይ ግን ፊደሎቹ አሁንም በትንሹ ይታያሉ።

ቀልደኛው ልጅ አሁን እስክሪብቶውን ይዞ አቀርቅሯል። «ሙሉውን ጽሑፍ ከፈለግነውስ?» ይላል ቀና ሳይል።

«ለእኔ ትነግሩኛላችሁ። ከሌላ ቤተ መጻሕፍት አስልክላችኋለሁ። ሥራዬ እኮ ነው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን» ብሎ ይጽፋል።

እማዬ፣ እዚህ ተቀምጬ ከፈለግሁበት ከዚያ ምሳ ሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖራለች።