ሁለተኛው ጭብጨባ

ልጅቷ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ግን ማንም አልዘለለም።

ጭብጨባው የአባቷ ነበር። ብረት ክንድ የሚባለው አባቷ ከሚቃጠል ቤት ሥር ቆሞ አንዴ ሲያጨበጭብ ተዘጋጁ፣ ሁለተኛውን ሲያጨበጭብ ዝለሉ ማለቱ እንደሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጆች ከአልጋ ላይ ለመዝለል እንኳ መጀመሪያ አንዳቸው ያጨበጭባል። ድንጋይ ሆኖ የወደቀ ሰው እሱ እጅ ላይ ሲደርስ ላባ ይሆናል። ያ ስጦታ ለልጁም ተርፏታል፤ ቢያንስ በአሸዋ ጆንያ ሞክራው ሠርቷል። ሰው ግን ተቀብላ አታውቅም።

አባትየው አሁን ጉልበቱ ከድቶት ቤት ውሏል። የእሳቱን ወሬ ሲሰማ ሰማያዊውን ካባ ከሳጥን አውጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና ሂጂ አላት። እናቷ አምና ጫፉን አሳጥራላት ነበር። እንደዚያም ሆኖ እግሯን እየጠለፈ አስቸግሯታል።

መስኮቱ ላይ ያሉት የስፌት ቤቱ ባለቤቶች፣ ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ደረጃውን እሳት በልቶታል። የእሳት አደጋ መኪናው ጠባቡ መንገድ አላስገባ ብሎት ጥግ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ ሠራተኞቹ ከሩቅ ቱቦ ይጎትታሉ። ከሴቶቹ ጀርባ ያለው ጭስ እየጠቆረ መጣ።

ልጅቷ ድምፅዋን አወፍራ «ዝለሉ!» አለች። አባቷ እንዲህ ሲል ግርግሩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። የሷ ድምፅ መሃል ላይ ተሰበረና ቀጥኖ ወጣ። ከኋላዋ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «እሳት አመድ ወለደ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነው ያናገረው። ቢሆንም ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

ትልቋ እህት ከላይ ሆና አባትሽን ጥሪልኝ አለች። ይኸው ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት በእሳት ሲያያዝ ከዚሁ መስኮት ዘልላ ብረት ክንድ እጅ ላይ አርፋለች፤ ስለዚህ የምትፈልገውን ታውቃለች። «እኔ የማውቀው እሱን ነው» አለች እያሳለች። «አንቺን ማን አየሽ?»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ልጅቷ ራሷ እዚያ መስኮት ላይ ብትሆን አትዘልም ነበር። ክንዶቿን ከትከሻዋ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ካባው ሥር ልትሸሽጋቸው ሞከረች፤ ግን እጁን የሸሸገ ሰው ምን ሊቀበል ነው? የብረት ክንድ ክንድ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ይህን አገር ምድሩ ያውቃል።

እንደገና ልትሞክር እግሯን ከፈተች። በጓሯቸው ስትለማመድ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ግራ ጉልበቷን አራገፈችና፣ ሳታስበው፣ «ውይ ጉልበቴ» አለች።

ከኋላዋ ያለው ሰው በጭንቀቱ መሃል ሳቀ። ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ልጅ ምን ጉልበት አሟት ነው? የገባት ያኔ ነው። አባቷ ያስተማራት በስተርጅናው ነው፤ አቋቋሙን፣ ጭብጨባውን፣ የክንዱን አዘረጋግ ስትቀዳ የሪሁን ማቃሰትም የሙያው ክፍል መስሏት አብራ ቀድታዋለች። እሱም እየሰማ አላረማትም፤ ምናልባት እንደሚለው ራሱም አያውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

ትልቋ እህት ግን አልሳቀችም። ጭሱን በእጇ እየገፋች ወደ ታች አተኩራ ታያታለች።

«ምን አልሽ?»

ልጅቷ ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። «ውይ ጉልበቴ ነው ያልኩት።»

«ያን ቀንም እንዲሁ ብሎ ነበር» አለች ሴትዮዋ፤ አንድ እግሯንም በመስኮቱ አሻገረች። «በይ አጨብጭቢ።»

አጨበጨበች። ደግማ አጨበጨበች።

ሴትዮዋ ዘለለች። መጀመሪያ የመጣው ክብደቷ ነው፤ ልጅቷ ተንበረከከች፣ ትከሻዋ ሊገነጠል ደረሰ፣ በልቧም አለቀልን አለች። ከዚያ ቀለለች። ጭስ ጭስ የምትሸት፣ አንገቷ ላይ የልክ ሜትር የተንጠለጠለባት ሴትዮ ክንዷ ላይ ተኝታ ነበር።

ሰዉ በደስታ ሲጮህ ሴትዮዋ ለመውረድ አልቸኮለችም። ከሥሯ የሚንቀጠቀጡትን ክንዶች በመዳፏ ዳሰሰቻቸው። ልጅቷ ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እሱም እንዲህ ነበር» አለቻት ቀስ ብላ። «እንደ ቅጠል ነበር የሚርገፈገፈው። እጁ ላይ ያልወደቀ ሰው ይህን አያውቅም፤ የወደቅነው ደግሞ ለማንም አንናገርም።»

ልጅቷ አባቷ ትዝ አላት። ከሥራ ሲመለስ እጆቹን ኪሱ ከትቶ እራት እስኪቀርብ አያወጣቸውም ነበር። ልጅ ሆና ኩራት ይመስላት ነበር።

ሴትዮዋ በእግሯ ቆመች፤ ቀሚሷን አራገፈችና ቀና ብላ ታናሿን ጠራች። «ዝለይ እህቴ! ብረት ክንድ ራሱ ነው!»

ልጅቷ ካባውን ወደ ኋላ ጣለችው። ክንዶቿ እንደተንቀጠቀጡ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ አንዴ አጨበጨበች። ሁለተኛውን ሳታጨበጭብ ታናሿ እህት አየር ላይ ነበረች።