በጠመዝማዛው መንገድ ዳር ያለው አግዳሚ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮሎምበስ ውስጥ፣ በአሮጌው ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንደተለመደው መቀመጣችንን በክብር አስታውቃለሁ።

ፓርኩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መንገዱ ሁሉ ጠመዝማዛ ነው። «ቀጥ ያለ መስመር መሳል አቅቷቸው እንዳይመስልህ» ይላሉ ጋሼ ግርማቸው፤ ድሮ የመሬት ቀያሽ ነበሩ። «ኩሬው ድንገት እንዲገጥምህ ብለው ነው።»

አግዳሚው ሦስት ሰው ይይዛል። እሳቸው ከአንዱ ዳር፣ እኔ ከሌላው። መሃሉ የባለቤታቸው የእትዬ ጽጌረዳ ነው። እትዬ ባለፈው መስከረም አርፈዋል። እኔ ግን ጋሼ እንዳይከፋቸው ብዬ በየሳምንቱ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ?» እላለሁ።

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ማራኪ ኮል አደረገችልኝ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። አባባ አሁንም እማዬ አለች ካለ፣ ሂሊያርድ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም አስገባዋለሁ።»

ለጋሼ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ማራኪ መጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች።

«አባባ፣ እማዬ የት ናት?»

«ሞታለች ልጄ። ቀብረናት የለ እንዴ?»

«መሃሉን ታዲያ ለማን ተዋችሁት?»

«ለማንም። እኔና እሱ ስለማንዋደድ ነው።»

ማራኪ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ተገላገልን።

ይኼኔ አንድ የሚሮጥ ፈረንጅ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። የጫማው ክር ተፈቷል። ማራኪ በእንግሊዝኛ «ና ተቀመጥ፣ ቦታው ባዶ ነው» አለችው። ሰውየው አመስግኖ ወደ መሃሉ ተጠጋና ቆም አለ። ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

«ኖ፣ ኖ፣ እመቤቴ፣ ለእኔ ብለው አይነሱ» አለና ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ክሩን ማሰር ጀመረ።