ረጅሙ ክንድ

አናጢው ጡረታ ከወጣ ወዲህ አመሉ አንድ ነው፤ ለአሮጌው የሸክላ ማጫወቻው መርፌ የሚይዝ ክንድ ከእንጨት መጥረብ። የዛሬውን ከመጥረጊያ እጀታ ሠራው፤ ከሌሎቹ በእጥፍ ይረዝማል።

"አንተ ሰውዬ፣ መጥረጊያዬን ቆራርጠህ ጨረስከው" አለች ሚስቱ ወደ ማድ ቤት እያለፈች። "ደግሞስ ይሄን ያህል የረዘመው ምን ሊደርስበት ነው?"

አዲስ ክንድ ሲሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሞክረው ምንም ባልተቀረጸበት ልሙጥ ሸክላ ላይ ነው። ሚዛኑ ልክ ከሆነ መርፌው ካረፈበት ንቅንቅ አይልም። ድምፅማ ከየት ይመጣል?

መርፌውን ቀስ አድርጎ አሳረፈው።

"ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ" አለ ድምፅ ማጉያው፣ በሚስቱ ድምፅ።

ጆሮዬ ነው ብሎ ሳቅ አለ። ወዲያው ከማድ ቤት "ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ" ስትለው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ከሸክላው ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። "አይ፣ ይቺ እጄ" አለች ድምጿ። አፍታም ሳይቆይ ማድ ቤት ብርጭቆ ተሰበረ። "አይ፣ ይቺ እጄ።"

የማጫወቻውን ክንድ ሊያነሳ ፈለገ፤ እጁ አልታዘዝ አለው። ከሸክላው የነጠላ ጫማ ኮቴ እየቀረበ መጣ፤ በር ተከፈተ።

"ምነው መሬት ላይ ተኛህ?" አለች ድምጿ። "ኧረ ተነስ። በሞቴ ተነስ።" ከዚያ የጎረቤቶቹን ስም እየጠራች መጮህ ጀመረች።

እንደምንም ክንዱን አነሳው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ወንበሩን በሁለት እጁ ጭምድድ አድርጎ ይዞ ተቀመጠ።

ኮሪደሩ ላይ የነጠላ ጫማዋ ኮቴ መቅረብ ጀመረ።