ለቀብሬ የሚነበብ

ሽማግሌው በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ጽፈው ጨረሱና የእድሩን ጸሐፊ ጥላዬን አስጠሩት። ኮታቸው ላይ አምስቱም ሜዳሊያዎቻቸው ተደርድረዋል።

ልጃቸው በር ላይ ያዘችው። «እባክህ ጋሽ ጥላዬ፣ የደርግን ዘመን ዝለልልን። በለቀስተኛ ፊት አታዋርደን።»

«አንዲት ፊደል አትዘለልም!» አሉ ሽማግሌው ወለሉን በከዘራቸው እየመቱ። «የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ተደብቄ አልኖርኩም፤ ተደብቄም አልቀበርም። መስማት ያልፈለገ ከቀብሬ ይቅር! በል ጥላዬ፣ አንብበህ አሰማኝ።»

ጥላዬ ቆሞ አነበበ። የመጀመሪያው ገጽ ሹመት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሽልማት። ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሦስተኛውን ጮክ ብለህ!» አሉት።

ሦስተኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች የሰው ስም ነበር። አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በፊርማዬ የተገደሉ። ቤተሰቦቻቸው እንዳያለቅሱ የከለከልኩት እኔ ነኝ። በቀብሬ ላይ ይለቀስላቸው።»

ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርስ የጥላዬ ድምፅ ጠፋ።

«ጮክ በል!» አሉት ሽማግሌው። «የወንድምህን ስም አትዋጠው።»