አዝመራው አምፕሊፋየር ሲመርጥ የዋለበት ቀን

«አንሳው እንጂ ወንድሜ... ስለ ላሊበላ አንሳው...»

አዝመራው ወልድያ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

ያችው ሴትዮ ናት... «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።»

ልጁ የላሊበላ ጊታሪስት ነው። ጊታር ያስያዘው ታላቅ ወንድሙ ፈንታው ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር፣ በሮክ ያበደ ሰው።

ጦርነት መጣ፣ ቱሪስት ጠፋ፣ ባንዱ ተበተነ... የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አሮጌው አምፕሊፋየርም መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ።

አሁን አንድ ሆቴል «የራስህን አምፕሊፋየር ይዘህ ና፣ እንቀጥርሃለን» ብሎታል። እሱና እናቱ እማማ ሸጌ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ፈንታው ደግሞ በስልክ እንዲህ ብሎት ነበር...

«ሃይ ጌይን የሚባለውን ነው የምትገዛው፣ ጊታሩን የሚያስጓራውን። ግን እንዳትሸወድ! ስልኩን አስጠጋልኝና ምታ፤ ሰምቼ እመርጥልሃለሁ።»

ይኸው ሁለት አምፕሊፋየር ፊቱ ተቀምጧል... ሰሚው የለም።

አንደኛው ትልቅ ነው፤ ውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ ቱቦዎች አሉት። ድምፁ ደረት ይመታል፤ ግን ካልጮኸ አያምርም።

ሁለተኛው ትንሽ ዲጂታል ነው። ቀንሰኸውም ያጓራል... አዝመራው ግን አላመነውም።

«ፈንታው ሳይሰማው አልገዛም» አለ ድርቅ ብሎ።

ሻጩ ሙጂብ «ኔትወርክ ይሆናላ ወንድሜ... ቁጭ ብለህ ሞክር፣ ሱቁ ያንተ ነው» አለው።

እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከሱ ይልቅ የሚገርሙት ግን ጋሽ አራጋው ናቸው። የአዝመራው ጎረቤት ናቸው... ጊታር በሰሙ ቁጥር «ይሄን የሰይጣን ጩኸት አጥፋልኝ» እያሉ ግድግዳ የሚደበድቡ ሰውዬ።

ዛሬ ግን «እኔም ወልድያ ጉዳይ አለኝ» ብለው አብረውት መጡ።

መንገድ ላይ «ስልኬ ዘግቷል፣ ያንተን አውሰኝ» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ልደውል ሲላቸው ይሰጡታል... አይነሳም... መልሰው ይወስዱበታል። ፌስቡክ እንኳ አላስከፈቱትም።

አዝመራው ሲጨንቀው ትልቁን ከፈተና ጊታሩን መታ። የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ዞር ሲል ጋሽ አራጋው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነዋል።

«ጮኸብዎት እንዴ ጋሼ? ልቀንሰው?»

«ጨምረው ልጄ... እስከ መጨረሻው ጨምረው።»

ጨመረው። ጣቶቹ እስኪዝሉ መታ።

በመጨረሻ እማማ ሸጌ ደም ግፊት ስላለባቸው፣ ቤት ውስጥ ሲለማመድ እንዳይረብሻቸው ትንሹን መረጠ። «ፈንታው ይቆጣኛል... ሳልሰማው ገዛህ ይለኛል» እያለ ወደ ላሊበላ ተመለሰ።

ጋሽ አራጋው «ዛሬ እኔ ዘንድ እደር» አሉት።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ገቡ... እማማ ሸጌንም ደግፈው አምጥተዋቸዋል።

በኛ አገር በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

መርዶ ነው።

ፈንታው በመኪና አደጋ ሞቷል። ወንድሙ ወልድያ ሆኖ ሲደውልለት አስከሬኑ ወደ ላሊበላ እየመጣ ነበር። ጋሽ አራጋው ያውቁ ነበር። ሙጂብም ያውቅ ነበር፤ እሳቸው በጆሮው ነግረውታል።

አዝመራው አበደ።

«ወንድሜ ሳይቀበር ጊታር አስመታችሁኝ? ምን በድያችሁ ነው?»

ጋሽ አራጋው አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ትናንት ፌስቡኩ ሁሉ ነፍስ ይማር ሲል ነው የዋለው ልጄ። መኪና ውስጥ ብቻህን ከምታነበው፣ ከእናትህ ጋር ስማው ብዬ ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ...

«ፈንታው እኮ የክርስትና ልጄ ነው። እኔም ማልቀሻ አጥቼ ነው ጨምረው ያልኩህ።»

ሰውዬው ይህን ሁሉ የተሸከሙት ለምንድን ነው? እኛ መርዶን ከቄስና ከሽማግሌ እጅ ነጥቀን ለላይክ ስለሰጠነው!

እናት ሳትሰማ የሟች ፎቶ የምትለጥፉ ሰዎች... ኧረ ተዉ፣ በፈጣሪ። ቤተሰብ እስኪረዳ እጃችሁን ሰብስቡ። ሐዘን ደጋፊ ሰው አጠገብ ኖሮ እንኳ ይከብዳል፤ ብቻውን ስክሪን ላይ ያገኘውማ ምን ይሁን?

አዝመራው እስካሁን ጋሽ አራጋውን አያናግራቸውም።

እስቲ ፍረዱ... እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ትነግሩት ነበር ወይስ «ጨምረው» ትሉት ነበር?