ሳይነሳ የሞቀ ሞተር

ሰፈሩ በሙሉ «ጆሮ» ይለዋል። ያገለገለ ሞተር ዋጋ ሲገምት መሣሪያ አያወጣም። ኮፈኑን ከፍቶ መዳፉን ያሳርፋል፣ ያስነሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ ዋጋውን ይናገራል። በቃ! እሱ ከተናገረ በኋላ ሻጭም ገዢም አይከራከርም።

አንድ የማይሽራት ሕግ አለችው። እሱ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የታመመ ሞተር በብርድ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ አስቀድመው ካሞቁት ግን ጨዋ መስሎ ይቆማል። ስለዚህ ሞቆ የጠበቀውን ሞተር «ባለቤቱ የሚደብቀው ነገር አለ» ይልና ዋጋውን በግማሽ ይቆርጠዋል። ይግባኝ የለም።

የዚህኛው መኪና ባለቤት ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ሃያ አምስት ዓመት የሞላት ባለቱርቦ መኪና አለችው፤ ሞተሯን ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ ፈታትቶ እንደ አዲስ ገጥሞታል። መሸጡ ግን የእሱ ሐሳብ አልነበረም። ሚስቱ ቁመቷ ከደረቱ የማያልፍ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ ከአንገቷ የሚወርደው ስትተኛ ብቻ ነው። መኪናዋ የቆመችበትን ክፍል ለስፌቷ ፈልጋዋለች።

«ወይ እኔ ወይ እሷ!» አለችው። «አባቴ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነዳ፤ እኔም ጋቢና ውስጥ አደግኩ። መኪና ሲባል ራሴን ያመኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሸጠች እህቴ ቤት እገባለሁ።»

መምህሩ ሚስቱንም መኪናውንም ይወዳል። ቅደም ተከተሉን የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ገዢ ተገኘ፤ የሰፈሩ ባለመድኃኒት ቤት። «ጆሮ ያለውን እከፍላለሁ» አለ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጆሮና ባለመድኃኒት ቤቱ ተያይዘው መጡ። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። ሚስትየው ሐኪም ካዘዘላት የማለዳ የእግር ጉዞ ተመልሳ፣ ነጭ ሸራ ጫማዋን እንዳደረገች በረንዳው ላይ ቆማለች። ጆሮ ኮፈኑን ከፈተ፣ መዳፉን አሳረፈ፣ ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ሞቋል።»

«ኧረ አልነካሁትም! ገና አሁን መንቃቴ ነው» አለ መምህሩ፣ ጥጡን ከጆሮው እየነቀለ። ሚስቱ አምሽታ ስለምትሰፋ ጥጥ ወትፎ መተኛት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል።

«ሞተር በራሱ አይሞቅም፣ ጋሼ።»

«ፊዚክስ እኮ ነው ያስተማርኩት፤ አውቃለሁ!»

ጆሮ ሊያስነሳው ገባ። ሆዱ ከመሪው ጋር ተናንቆ ተጣበቀ። «ወይ ጉድ፣ እንዲህ ወፍሬያለሁ?» ብሎ አዘነ። ሞተሩን አዳመጠ። ድምፁ ማር ነው፣ ጭስ የለም። ግን ሞቋል! ዋጋውን ለሁለት ቆረጠው። ባለመድኃኒት ቤቱም «ግማሽ ዋጋ ያለው ሞተር ምን ያደርግልኛል? በሳምንቱ ቀዝቅዞ ይታይ» አለ።

በሳምንቱም ሞቆ ተገኘ። ሚስትየው ከበረንዳው ወርዳ መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንዳትሸጥ ብለህ ነው አይደል? የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!»

«በልጆቻችን እምልልሻለሁ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ እኔ ነኛ!» አለች። ጆሮ ሳቀ፤ ባለመድኃኒት ቤቱም ሳቀ። ቁልፉን ከባሏ እጅ ነጥቃ ከመቀሷና ከክሮቿ ጋር የስፌት ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። «እስቲ አሁን አይሃለሁ!»

በሦስተኛው ቅዳሜ ጆሮ መዳፉን ገና ሳያሳርፍ ሙቀቱ ፊቱን መታው።

«ተቀርጿላ!» አለ ባለመድኃኒት ቤቱ። «ሌላ ቁልፍ ተቀርጿል። ጋሼ ይቅርታዎን፣ እኔ ከሚዋሸኝ ሰው መኪና አልገዛም።» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

መምህሩ ሊምል እጁን አነሳ። ከዚያ በሩን አልፎ የሚሄደውን ገዢ አየ። መኪናውን አየ። እጁን መልሶ አወረደ፣ አንገቱንም ደፋ።

«እሺ፤ እኔ ነኝ» አለ። «ቁልፍ አስቀርጬ ነበር። ከእሷ መለየት አቃተኝ።»

ከሰው አፍ ነጥቃ የምትመልሰው ሚስቱ ሜትሯን ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ...» አለች፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሏል። «ካመንክ ምን ይደረጋል። ይቅር ብዬሃለሁ። የስፌት መኪናዬ ሳሎን ይገባል።»

መምህሩ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ጆሮ ግን የመሪው ነገር ከልቡ አልወጣም። ሆዱን ለማጉደል ማለዳ ማለዳ ከከተማው ዳር ባለው ቀጥ ያለ መንገድ በእግሩ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ ከኋላው የቱርቦ ፉጨት ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። ቱርቦው ጤነኛ ነው፤ ፒስተኖቹም አንዱ ሌላውን አይከስም። እጥፍ ዋጋ የሚያወጣ ሞተር ነው የገደልኩት ብሎ ተጸጸተ። «አይ ጋሼ! በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይበራሉ?» አለና መምህሩን ሰላም ሊል ዞሮ እጁን አነሳ።

መኪናዋ ሽው ብላ አለፈችው፤ በነጂው መስኮት ወደ ኋላ የሚውለበለበው የልብስ ሰፊ ሜትር ነበር።